ከፈለግህ ውሻውን ውሰደው

በከተማችን የግቢ በሮች ላይ ከሚለጠፉ ማስታወቂያዎች መካከል «ከውሻ ይጠንቀቁ» የሚለውን ያህል የማይታመን የለም። ውሻ የሌለው ሰው ሌባ ለማስፈራራት ይለጥፈዋል፤ ውሻ ያለው ደግሞ እንግዳ እንዳይቀየምበት ብሎ ይተወዋል። በሩ ሲንኳኳ ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ ግን በሁሉም ቤት አንድ ነው፦ «ግቡ፣ ግቡ፣ አይናከስም!» ይህን የሚለው ሰው ውሸቱን አይደለም። ውሻው እሱን ነክሶት አያውቅም፣ የሚመሰክረውም ስለ ራሱ እግር ነው። እንግዳው አንድ እግሩን አስገብቶ ሁለተኛው በውሻው አፍ የቀረ እንደሆነ ደግሞ «ኧረ ነክሶ አያውቅም ነበር!» የሚል ሁለተኛ ምስክርነት ይከተላል። ከዚያ ውሃ ይቀርባል፣ ውሻው ይረገማል፣ ቡና ይፈላል፣ ነገሩም «ከዚህ የባሰ አያምጣ» ተብሎ ይዘጋል። በዚህ መሀል ስለ ሕክምና ወጪ የሚያነሳ ሰው ቢገኝ ከውሻው ይልቅ እሱ ተናካሽ ይባላል።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ለተነከሰ እግር ካሣ መጠየቅ ጉርብትናን አያፈርስም። ጉርብትናን የሚያፈርሰው ከካሣው በፊት የምንገጥመው ክርክር ነው። በእኛ ልማድ ሰው በውሻ ሲነከስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ወጣብህ?» መሆኑ ቀርቶ «ምን አድርገኸው ነው?» ይሆናል። የተነካሹ ጠባይ ይመረመራል፤ ሮጦ ነበር ወይ? ዱላ ይዞ ነበር ወይ? በፌስታል ሥጋ አንጠልጥሎ ነበር ወይ? ደግሞስ በዚያ ሰዓት ምን ሊሠራ መጣ? ቀጥሎ የውሻው ጠባይ ይመጣል። ለብዙ ሰዎች ያልተሰጠ የምስክር ብዛት ለውሻው ይሰጠዋል፤ ሕፃናት ጆሮውን ሲጎትቱት ዝም እንደሚል፣ የንስሐ አባት ሲመጡ ጭራውን እንደሚቆላ፣ እንዲያውም ከዚህ ሰውዬ በስተቀር በማንም ላይ ጥርሱን አሳይቶ እንደማያውቅ ይወራለታል። ከዚህ በኋላ ተነካሹ ስለ ባለቤቱ ጠባይ ያለውን መናገር ይጀምራል፣ ባለቤቱም ስለ ተነካሹ ዘመዶች። ቁስሉ በሳምንቱ ይሽራል፤ የተባባሉት ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን ሁሉ ክርክር በአንድ አንቀጽ ይዘለዋል። ሕጉ የታወጀው በ1952 ዓ.ም. ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም.፤ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። አንቀጽ 2071 በአጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፤ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ እንስሳው ድንገት ያመለጠው ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም። እንግዲህ «ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው» የሚለው ሰው፣ «ልጁ በሩን ሳይዘጋ ሄዶ ነው» የሚለው ሰው፣ «እንዲህ ያደርጋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም» የሚለው ሰው ሁሉም በዚህች አንቀጽ ፊት የደከሙት በከንቱ ነው። አንቀጽ 2086 ደግሞ የቀረውን ቀዳዳ ይደፍናል። ጥፋት የለብኝም፣ ላስቀረው አልችልም ነበር፣ ሌላ ሰው ነው ያመጣው ማለት ባለቤቱን ነጻ አያወጣውም። ነጻ የሚያወጣው፣ በሙሉም ሆነ በከፊል፣ ጉዳቱ የመጣው በተጎጂው በራሱ ጥፋት መሆኑን ያስረዳ እንደሆነ ነው። ስለዚህ የውሻው መልካም ስም ለፍርድ ቤቱ ምንም አይጨምርም፣ አይቀንስም። ውሻው ቅዱስ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ይከፍላል።

ይህ ለባለቤቱ የጨከነ ሕግ ይመስላል። ለኔ ግን ከብዙ ሽማግሌዎቻችን ይልቅ ጨዋ ሆኖ ይታየኛል። ምክንያቱም ማንንም ጥፋተኛ ሳይል ነው ክፈል የሚለው። ተነካሹ ጎረቤቱን ቸልተኛ ነህ፣ ግፈኛ ነህ ማለት አይጠበቅበትም፤ ሦስት ነገር ብቻ ያስረዳል፤ መነከሱን፣ የነከሰው ውሻ የማን እንደሆነ፣ ምን እንዳወጣና ምን እንደጎደለበት። ባለቤቱም አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም። ውሻውን ያስቀመጠው እሱ ነው፤ ሌሊት ጩኸቱን ተማምኖ የሚተኛውም እሱ ነው። ጥቅሙን የሚበላ ሰው ጉዳቱንም ይቻል ማለት ስድብ አይሆንም። ካሣ ቅጣት አለመሆኑን የረሳን ይመስለኛል፤ ለዚህ ነው ክፈሉ ስንባል «ምን አጠፋን?» ብለን የምንነሣው። ሕጉ አጥፍታችኋል አላለም።

«ነክሶ አያውቅም» የሚለው መከላከያ ታሪክ የለውም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም የጥንት ዘር አለው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው ይላል። በሬው ከቀድሞም ተዋጊ ሆኖ፣ ይህም ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረ እንደሆነ ግን ባለቤቱ ራሱ ከባድ ዕዳ ይገባዋል። የእንግሊዝ ሕግም በልማድ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ነው የቆየው፤ ባለቤቱ የውሻውን ጠባይ ያውቅ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ንክሻ ለውሻው በነጻ ይሰጠዋል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ነው በገንዘብ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረው ወገናችን ይህን ልዩነት በእግሩ ሊማረው ይችላል። ዕቃ ወይም ምግብ ቤት ለቤት የሚያደርስ ሰው ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ወደ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ቢሄድ ወንዝ ብቻ አይደለም የሚሻገረው። በቨርጂኒያ የውሻውን አደገኛነት ባለቤቱ ያውቅ እንደነበር፣ ወይም ቸልተኛ እንደነበር ማስረዳት ይጠበቅበታል። በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ውሻው ጉዳት ማድረሱ ብቻውን ባለቤቱ ያውቅ ነበር ወይም ማወቅ ነበረበት የሚል ግምት ያስወስዳል፤ ማስተባበሉ የባለቤቱ ፋንታ ነው። ካሊፎርኒያ ድረስ ከዘለቀ ደግሞ ባለቤቱ አወቀ አላወቀ የሚለው ጥያቄ ራሱ ይቀርለታል። የኛው ሕግ በዚህ ነገር ከቨርጂኒያ ይልቅ ለካሊፎርኒያ ይቀርባል ብንል ሰው አያምነንም፤ ነገር ግን እውነት ነው።

«እንግዲህ ሌባም አጥር ዘሎ ገብቶ ቢነከስ ካሣ ሊጠይቀን ነው!» የሚል መቃወሚያ ወዲያው ይነሣል። ይህ መቃወሚያ ሁልጊዜ የሚያስቀኝ፣ በተነከሱት ሰዎች ሰልፍ ውስጥ ሌባው ከኋላ ሆኖ ሳለ በክርክር ግን ሁልጊዜ ከፊት ስለሚሰለፍ ነው። ሌባ ውሻ ያለበትን ግቢ አጥንቶ ነው የሚመጣው፤ የሚነከሰው ሳያጠና የመጣው ነው፣ ይኸውም የመብራት ቆጣሪ አንባቢው፣ የቤት ለቤት ጤና ሠራተኛዋ፣ ለኳስ አጥር የተንጠለጠለው ልጅ፣ የሠርግ ጥሪ ያመጣው አጎት። ለሌባው ሕጉ መልስ አለው፤ ጉዳቱ በራሱ ጥፋት የመጣበት ሰው ባለቤቱን የሚጠይቅበት በር ይዘጋበታል ወይም ይጠብበታል። ውሻውን በድንጋይ ሲደበድብ የቆየ ሰውም እንደዚያው። በከፊል ያጠፋ በከፊል ያጣል። ነገር ግን መሮጥ ጥፋት ነው ወይ? እዚህ ላይ የሰፈር ሽማግሌ «ባትሮጥ ኖሮ አይነክስህም ነበር» ለማለት ይቸኩላል። የሚሮጠው ግን ገና ያልተነከሰው ነው፤ ያልሮጠው ተነካሽ ደግሞ «ለምን ቆምክ?» ተብሎ ይወቀሳል። ከውሻ ፊት ትክክለኛው አኳኋን የትኛው እንደሆነ በሕይወት ያለ ሰው ሁሉ የየራሱ ትምህርት አለው፤ ያን ሁሉ ሳይማር በሩን ያንኳኳ ሰው አጥፍቷል ማለት ግን አልችልም።

ከሕጉ ሁሉ በጣም የምወደው አንቀጽ 2074ን ነው። የቤት እንስሳ ባለቤት የእንስሳውን ባለቤትነት ለተጎጂው በመልቀቅ ከኃላፊነቱ ነጻ ሊወጣ ይችላል። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል፤ ነካሹ ውሻ በካሣ ፋንታ ለተነካሹ ሊሰጥ ይችላል። ሐሳቡ የመጣው ከጥንቶቹ ሮማውያን ነው፤ እነሱ ጉዳት ያደረሰ እንስሳ ባለቤት ወይ ጉዳቱን ይክፈል ወይ እንስሳውን ያስረክብ ይሉ ነበር። ለበሬ፣ ለፈረስ፣ ለበቅሎ ነገሩ ያስኬዳል፤ የጎረቤትህን ማሳ የበላ በሬ ቢሰጥህ ቢያንስ በሬ አገኘህ። ውሻ ላይ ሲደርስ ግን ሕጉ ሳያስበው ቀልደኛ ይሆናል። ተነካሹ በአንድ እግሩ እያነከሰ፣ በእጁ የሚያውቀውን ውሻ በገመድ እየጎተተ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይታያችሁ። ውሻው የሥጋውን ጣዕም አስቀድሞ ያውቃል፤ አሁን ደግሞ ቀለቡ በሱ ላይ ሆነ። ከዚያች ቀን ጀምሮም ውሻው ሌላ ሰው ቢነክስ በአንቀጽ 2071 ተጠያቂው አዲሱ ባለቤት ነው።

ይህን አንቀጽ ያነበበ ባለቤት በደስታ ከመዝለሉ በፊት ግን ሁለተኛውን ንዑስ አንቀጽ ይመልከት። ጉዳቱ የደረሰው በራሱ ጥፋት ወይም በሌላ ኃላፊ በሚሆንለት ሰው ጥፋት የሆነ እንደሆነ ውሻውን አስረክቦ መገላገል የለም። በሩን ከፍቶ የተወ፣ ተናካሽ መሆኑን እያወቀ ያለ ሰንሰለት የለቀቀ ሰው ገንዘቡን ይቆጥራል። የባለቤቱ ጥፋት ክርክር ተመልሶ የሚገባው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ የሚያነሣው ተነካሹ ነው፣ የሚያነሣውም ውሻ ላለመረከብ ሲል። የቅድሙ ማስታወቂያም እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያገኘው። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ የጻፈ ሰው እንግዳውን አስጠንቅቄአለሁ ሊል ይችላል፤ ውሻው ኃይለኛ መሆኑን ግን በገዛ እጁ፣ በቀይ ቀለም አምኗል። «አይናከስም» ብሎ የጋበዘ ሰውማ እንግዳውን ራሱ ጠርቶ ነው ያስነከሰው።

ሌላው መቃወሚያ ገንዘቡ አያዋጣም የሚለው ነው፤ በዚህ ግማሽ እውነት አለ። ሕጉ ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለድንጋጤው፣ ለሕመሙ፣ ውሻ ባየ ቁጥር ለሚመጣበት መሳቀቅ፣ ካሣ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አንቀጽ 2116 ይህ ካሣ ከ1,000 የኢትዮጵያ ዶላር፣ ማለትም ብር፣ እንዳይበልጥ ወስኖታል። ሕጉ ሲወጣ 1,000 ብር ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም፤ ቁጥሩ ግን እንደተጻፈ አለ። በውሻ የተነከሰ ሰው የተቀደደበትን ሱሪ ሙሉ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል፤ ሱሪው ደህና ሱሪ ከሆነ ከድንጋጤው ይበልጣል ማለት ነው። ይህ ጣሪያ መነሣት ወይም ቢያንስ መስተካከል አለበት ባይ ነኝ፤ ነገር ግን በሱ ተናድዶ የቀረውን መተው ስሕተት ነው። ጣሪያው የተሠራው ለሕሊና ጉዳት ብቻ ነው። ለሕክምና የወጣ፣ ለታክሲ የተከፈለ፣ ከሥራ ተቀርቶ የታጣ፣ ወደፊትም የሚወጣ ገንዘብ ጣሪያ የለውም፤ የካሣው መጠን የጉዳቱ መጠን ነው። የእብድ ውሻ ክትባት በአንድ መርፌ የሚያልቅ ጉዳይ ባለመሆኑ ምልልሱ ራሱ ወጪ ነው። ድሮ፣ ከበግ አንጎል በሚሠራው በፌርሚ ክትባት ዘመን፣ ሰው ለ14 ቀናት በየዕለቱ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር፤ ክትባቱ ይሰጥበት የነበረው የጉለሌው ፓስተር ስሙ ሲጠራ ሆዳቸውን የሚይዙ ትልልቅ ሰዎች ዛሬም አይጠፉም። የዚያን ዘመን ተነካሽ የሕሊና ጉዳት በ1,000 ብር መገመቱ በዚያን ጊዜም ቢሆን ርካሽ ነበር።

ሁሉም ነገር የሚቆመው ግን በማስረጃ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ማስረጃን የማጥፋት ልዩ ተሰጥዎ አለን፤ ሰው በተነከሰ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰፈሩ ወጥቶ ውሻውን በድንጋይ ይጨርሰዋል። ቁጣው ይገባኛል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ውሻውን ደግሞ ከተቻለ አስሮ 10 ቀን መከታተል ነው የሐኪሞች ምክር። በ10 ቀን ውስጥ ደህና ሆኖ የቆየ ውሻ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ውሻውን የገደለ ሰፈር ይህን መልስ አብሮ ገደለ፤ የማን ውሻ እንደነበር የሚያሳየውንም ዋና ማስረጃ ገደል ጣለ። ሞቶ የተገኘ ውሻ ባለቤት ኖሮት አያውቅም። በዚህ ላይ የሐኪም ማስረጃ የሌለው ተነካሽ አለ። ጸበል መሄድ የእምነቱ ጉዳይ ነው፣ የባህል መድኃኒት መጠጣትም የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ክትባቱን ትቶ በነዚህ ብቻ መተማመን ግን ሕይወት ያስከፍላል። ሁለቱም ደግሞ ደረሰኝ አይቆርጡም።

ጎረቤት ከጎረቤት አይካሰስም የሚሉት፣ አሜሪካ ያለው ወገናችን የጓደኛውን ውሻ ለምን ሊከስ እንደሚችል ቢያውቁ ይገርማቸው ነበር። እዚያ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ጓደኛው ሳይሆን የቤቱ ኢንሹራንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ የአሜሪካ የቤት ኢንሹራንሶች ከውሻ ጋር ለተያያዘ ጉዳት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍለዋል። ስለዚህ ተነካሹ ወደ ጠበቃ ሲደውል ባለቤቱ ራሱ «ጠይቅ፣ ጠይቅ» ሊለው ይችላል። እኛ ዘንድ ኢንሹራንሱ የጎረቤት ኪስ ነው፤ ዕድሩም ለቀብር እንጂ ለጥርስ አይከፍልም። ይህን አልክድም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው አለመጠየቅ ሳይሆን በልክ መጠየቅ ነው። ወጪውን በደረሰኝ ቆጥሮ፣ በሽማግሌ ፊት ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጎ፣ ካስፈለገ በሁለት በሦስት ደሞዝ ከፋፍሎ መጨረስ ይቻላል። ሕጉ ዕርቅን አይጠላም፤ የሽማግሌውን ሥራ ያቀልለታል እንጂ። ማን አጠፋ የሚለው ከተወገደ የሚቀረው ሒሳብ ነው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከጊዜ ነው። አንቀጽ 2143 ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ክሱን እንዲያቀርብ ያዝዛል። የኛ ሽምግልና ደግሞ አንዱ ሽማግሌ ክፍለ ሀገር ሄደው፣ ጾም ገብቶ፣ ሠርግ ደርሶ፣ ክረምት ሆኖ፣ «ከመስቀል በኋላ» ተብሎ 2 ዓመት ሊሞላው ምንም አይቀረውም።

ከመቃወሚያዎች ሁሉ የሚከብደኝ የመጨረሻው ነው፤ «ውሻው የኔ አይደለም።» በከተማችን ብዙ ውሾች የማንም ናቸው፣ በዚያው ልክ የሁሉም ናቸው። አንዱ ቤት ፍርፋሪ ይጥልለታል፣ ሌላው ስም አውጥቶለታል፣ ሦስተኛው በረንዳ ላይ ያድራል፣ የሰፈሩ ጥበቃ ደግሞ ሌሊት ሌሊት እንደ ባልደረባው ይቆጥረዋል። ጅብ ሲያባርር «ውሻችን» የሚባለው ውሻ ሰው ሲነክስ «ያ ውሻ» ይሆናል። ሕጉ የሚናገረው ስለ ባለቤት ነው፤ ፍርፋሪ የጣለን ሁሉ ባለቤት እናድርግ ብንል ደግሞ በርኅራኄ ላይ ግብር መጣል ይሆንብናል። ግን ባለቤትነት በየዕለቱ በሚታይ ነገር ይታወቃል፤ ማን ያስረዋል፣ ማን ይፈታዋል፣ ማን ያስከትበዋል፣ ከግቢዬ አስወጣልኝ ሲባል ማን ይቆጣል። በየቀበሌው የተመዘገበ፣ አንገቱ ላይ ምልክት ያለው፣ የተከተበ ውሻ ቢኖር ይህ ሁሉ ጥያቄ በአንድ ወረቀት ያልቅ ነበር፤ እስከዚያው ግን ተነካሹ በሰው ምስክር ላይ ነው የሚቆመው። የሰፈር ሰው የነከሰውን ውሻ አላየሁም ሊል ይችላል፣ ስለ ጎረቤቱ መናገርም ሊያፍር ይችላል። ስለዚህ የማን ነው ብሎ ከመጠየቅ፣ ውሻው ከነከሰ በኋላ በየትኛው በር ሮጦ እንደገባ፣ ከውስጥም በስሙ ጠርቶ «ና ግባ!» ያለው የማን ድምፅ እንደነበር መጠየቅ ይሻላል። ይህን የሰሙ ሁለት ሰዎች ካሉ፣ ቡናው ከመፍላቱ በፊት ስማቸውንና ስልካቸውን መያዝ ነው።